የሯጭ ገበያ፦ የኃይሌ ወርቅ ስንት ያወጣል?

ሐረር አቦከር ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ንግዱን ጤናው እስከፈቀደለት ድረስ ያካሂዳል፤ ሲደክም ለልጁ ያስረክባል። የሯጭ እግር ግን ለልጅ አይተላለፍም። ሥራው በጉርምስና ይጀመራል፣ ብዙውን ጊዜም አርባ ዓመት ሳይሞላ ያበቃል። የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴን የውድድር ዘመን በሜዳሊያ ብቻ ሳይሆን በሂሳብም መመልከት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1973 አርሲ ውስጥ የተወለደው ኃይሌ፣ በ1992 ሴኡል ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቆችን ጠቅልሎ ወሰደ። ከ1993 እስከ 1999 ባለው ጊዜ በ10 ሺህ ሜትር አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ስንት ያወጣል? በቀጥታ ሲሰላ ከሚገመተው በታች ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለወርቅ ገንዘብ አይከፍልም። የዓለም ሻምፒዮናም በ1993 እና በ1995 ለአሸናፊ የሰጠው መርሰዲስ መኪና ነበር፤ የገንዘብ ሽልማት የጀመረው በ1997 ሲሆን የአንድ ወርቅ ዋጋም 60 ሺህ ዶላር ነበር። ሜዳሊያው ራሱ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። የንግድ ምልክት ነው፤ ሌላው ዕቃ በእርሱ ስም ይሸጣል።

ገንዘቡ ያለው የግል አዘጋጆች በሚያካሂዷቸው ውድድሮች ላይ ነው። አዘጋጁ ለታዋቂ ሯጭ ገና ሳይሮጥ የመሳተፊያ ክፍያ ይቆርጥለታል፤ ስሙ ቴሌቪዥንና ስፖንሰር ስለሚያመጣ ነው። በዚህ ላይ የደረጃ ሽልማት፣ የክብረ ወሰን ጉርሻና ከጫማ ኩባንያ ጋር የሚደረግ ውል ይጨመራል። ማናጀሩም የራሱን ድርሻ ያነሳል። በ1998 የጎልደን ሊግን አንድ ሚሊዮን ዶላር ኃይሌ ከሞሮኮው ሂሻም ኤል ገሩዥና ከአሜሪካዊቷ ማሪዮን ጆንስ ጋር ለሦስት ተካፈለ።

የዚህ ገበያ ጠባይ ጎልቶ የታየው ግን በጥር 2008 ዱባይ ላይ ነው። ለአንደኛ የተመደበው 250 ሺህ ዶላር፣ ለዓለም ክብረ ወሰን ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። ኃይሌ የመጀመሪያውን አጋማሽ እጅግ ፈጥኖ ሮጠ፤ በኋላ አቅም አጥሮት በ2:04:53 ገባ። የራሱ ክብረ ወሰን 2:04:26 ስለነበር ሚሊዮኑ በ27 ሰከንድ አመለጠው። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጦ ክብረ ወሰኑን ሰበረ። ዕቃው ደረሰ፣ ግን የዱባይ ገዢ በሌለበት ገበያ።

ሐረርጌ ቡናንና ጫትን ጎን ለጎን ያውቃል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ቡና ግን የዓመቱን ገቢ በአንድ መኸር ያመጣል፣ መኸሩ ከከሸፈም እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው። ማራቶን እንደ ቡናው ነው፤ ሯጩ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢወዳደር ነው። ጎልፍ ወደ ጫቱ ይጠጋል። ታዋቂ ተጫዋች በዓመት ሃያ ያህል ውድድር ሊገባ ይችላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ታይገር ዉድስ በ1997 ያሸነፈውን የማስተርስ ውድድር በ2019 በ43 ዓመቱ ደግሞታል። ፊል ሚክልሰን በ2021 የፒጂኤ ሻምፒዮናን ሲያሸንፍ 50 ዓመቱ ነበር። በ50 ዓመት ማራቶን የሚያሸንፍ ግን የለም።

ኃይሌ ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል። በውጭ አገር በዶላር ያገኘውን እየሮጠ ሳለ በአገር ውስጥ ወደማይንቀሳቀስ ንብረት ለወጠው፦ ቦሌ መንገድ ላይ በባለቤቱ ስም የተጠራው ዓለም ሕንፃ፣ በ2010 ሥራ የጀመረው የሐዋሳው ሆቴል፣ ቀጥሎም ሌሎች ሆቴሎች፣ የቡና እርሻና የሂዩንዳይ መኪና ንግድ። በ2010 መጨረሻ የኒውዮርክ ማራቶንን አቋርጦ ወጥቶ «በቃኝ» አለ፤ ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ለውድድር ሙሉ በሙሉ የተሰናበተው በ2015 ማንቸስተር ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሐዋሳው ሆቴል አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከሜዳሊያው ይልቅ ሌሎች ሯጮች ሊቀዱት የሚገባው ይህን የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙዎች ኢንቨስትመንት የሚጀምሩት ገቢው ከቆመ በኋላ ነውና።

ሕንፃም የራሱ ስጋት አለው። በ2020 ክረምት በተነሳው ሁከት የሻሸመኔው ሆቴሉ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ኃይሌ 47 ዓመቱ ነበር፤ የተቃጠለውን በሩጫ መልሶ ሊተካበት የሚችል ዕድሜ አልነበረም። መተኪያው ሊመጣ የሚችለው ከቀሩት ንግዶቹ ገቢ ነበር።