መንፈሳዊ እድገትና የከተማው ባልንጀራችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልናስረዳችሁ ያሰብነው ነገር በሁለት ጥያቄ ይጠቃለላል። አንደኛው፥ አንድ ክርስቲያን በመንፈስ ማደጉ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ በታላላቅ ከተሞች ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በችግር የወደቀውን ወገናቸውን ለመርዳት ለየብቻ ከሚደክሙ ይልቅ ስለ ምን ተባብረው መሥራት ይገባቸዋል የሚል ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች ይለያዩአቸዋል፤ የፊተኛውን ለጸሎት ቤት፥ የኋለኛውን ለጽሕፈት ቤት ይተዉታል። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ከሥሩ የመረመረ ሰው ግን ሁለቱም አንድ መልስ እንዳላቸው ያስተውላል።

በመጀመሪያ ስለ እድገት እንናገር። ጡት የሚጠባ ሕፃን የሚያውቀው የራሱን ረኃብ ብቻ ነው። በራበው ጊዜ ያለቅሳል፤ እናቱ መታመሟን ወይም መድከሟን አያውቅም። እያደገ ሲሄድ ግን የእናቱን ፊት አይቶ ሐዘንዋን መለየት ይጀምራል፤ በእጁ ካለው ቍራሽ ለታናሹ ማካፈልን ይማራል። ያን ጊዜ ወላጆቹ «ይህ ልጅ ነፍስ ዐወቀ» ይላሉ። የመንፈስ እድገትም እንዲሁ ነው። በሃይማኖት ሕፃን የሆነ ሰው ጸሎቱ ሁሉ ስለ ራሱ ነው፤ ስለ ጤናው፥ ስለ ሥራው፥ ስለ ልጆቹ ይለምናል። ይህ ክፉ ነው አንልም፤ የሕፃንም ልቅሶ ክፉ አይደለምና። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው ከዚያ ልመና ያላለፈ እንደ ሆነ፥ ዕድሜው እንጂ ነፍሱ እንዳላደገች ሊያውቅ ይገባዋል።

ጾም፥ ጸሎት፥ ስግደት፥ ንስሓና ቅዱስ ቍርባን የነፍስ ምግቦች ናቸው። ምግብም የሚበላው ለሥራ ኀይል እንዲሆን ነው። «የሄርማስ እረኛ» ተብሎ የሚታወቀው፥ ወደ ግእዝም የተተረጐመው ጥንታዊ መጽሐፍ ስለ ጾም ሲያስተምር፥ ሰው በጾመበት ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፥ ለእጓለ ማውታ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዝዛል። እንግዲህ በቀደሙት ክርስቲያኖች ዐሳብ ጾም በሁለት ቤት ይፈጸም ነበር፤ በጿሚው ቤት ማዕዱ ሲጐድል፥ በችግረኛው ቤት ማዕዱ ይሞላ ነበር። በአንደኛው ቤት ብቻ የቀረ ጾም ገና እኩሌታው አልተፈጸመም ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማው ኑሮ እንለፍ። በባላገር ከአንዱ ቤት ጭስ ሳይወጣ የዋለ እንደ ሆነ ጎረቤቱ ያያል፤ ታሞ ይሆናል ብሎም ሄዶ ይጠይቃል። አዝመራ ሲደርስ ደቦና ወንፈል አለ፤ ሐዘን ሲመጣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። በከተማ ግን በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለያዩ ሰዎች ስም ለስም ሳይተዋወቁ ዓመታት ያልፋሉ። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣው ወጣት ደቦውንም ዘመዱንም ትቶ መጥቷል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለው ልጅ ብትታመም የምታርፍበት የራስዋ ቤት የላትም። ልጆቹ ወደ ውጭ አገር የሄዱበት ሽማግሌ ገንዘብ ቢላክለት እንኳ በሌሊት ውኃ የሚያቀብለው የለውም። ስለዚህ በከተማ እንጀራ ከማጣት ይልቅ ሰው ማጣት የሚከፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጌታችን ስለ አልዓዛር በነገረን ምሳሌ፥ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16፥ ባለጸጋው ድኻውን እንደ ደበደበው ወይም ከደጁ እንዳባረረው አልተጻፈም። በደሉ፥ ቍስለኛው በደጁ ወድቆ ሳለ እንዳላየ ሆኖ መኖሩ ነው። ይህ በደል በከተማ ለምንኖር ሁሉ እጅግ ቅርብ ነው፤ እንዳላየ ማለፍን ከተማ በየቀኑ ያስተምራልና።

ምእመናን ሆይ፤ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ሥራዋን የጀመረችው በከተማ ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ይናገሩ የነበሩት ወገኖች፥ መበለቶቻችን በየቀኑ ከሚታደለው ምግብ ተዘለሉ ብለው አጕረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን አልናቁትም፤ ስለ ቅሬታውም ብለው ጸሎትንና ስብከትን አልተዉም። ማኅበሩን ሰብስበው መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም፥ ከእስጢፋኖስ ጀምሮ እስከ ኒቆላዎስ ድረስ፥ የግሪክ ስም ነው። ከዚህም የተነሣ፥ ማኅበሩ ተበደልን ካሉት ወገን ሰዎችን መርጦ በማዕዱ ላይ እንደ ሾማቸው ብዙ ተርጓሚዎች ያስረዳሉ። ቅዱስ ሉቃስ ከዚህ ነገር ቀጥሎ የሚጽፈው የደቀ መዛሙርት ቍጥር መጨመሩን ነው። የማዕዱ መስተካከልና የቤተ ክርስቲያን ማደግ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

ከዚያም በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ሁለት ታላላቅ አባቶች ይህን ትምህርት በሥራ ገልጸዋል። በስማቸው የሚጠሩት ቅዳሴያት ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን መካከል ስለ ሆኑ፥ ስማቸው ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። እነርሱም ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና ቅዱስ ባስልዮስ ናቸው።

ቅዱስ ዮሐንስ ዛሬ በቱርክ አገር በምትገኘው በአንጾኪያ ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ386 ዓ.ም. ጀምሮ በቅስና ያገለግል ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ትርጓሜ እንደ ገለጸው፥ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ 3,000 መበለቶችና ደናግል ትረዳ ነበር፤ እስረኞች፥ ሕሙማንና እንግዶች ከዚህ ቍጥር ውጭ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ገቢ ግን ከታላላቆቹ ባለጸጎች ከአንዱ ገቢ እንኳ የሚደርስ አልነበረም። ከዚህ በኋላ አባታችን ለሕዝቡ ሒሳብ አሰበላቸው። ከከተማው ሕዝብ ከዐሥር አንዱ ባለጸጋ፥ ከዐሥር አንዱ ምንም የሌለው ድኻ፥ የቀረው መካከለኛ ነው አላቸው። ያላቸው ሁሉ ችግረኞቹን ቢከፋፈሉ፥ ለሃምሳ ወይም ለመቶ ሰው አንድ ችግረኛ ብቻ እንኳ በጭንቅ እንደሚደርስ አስረዳቸው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይላሉ። የአንጾኪያው መምህር ሒሳብና የአገራችን ምሳሌ በአንድ ቍጥር መገናኘታቸው ደስ ያሰኛል። ችግሩ የሚከብደው ችግረኛው ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ ሸካሚው ስላነሰና ስለ ተበታተነም ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ የቀጰዶቅያ ቂሣርያ ሰው ነበር። ከተማዪቱ ዛሬ በቱርክ አገር ካይሰሪ ትባላለች። በ368 እና በ369 ዓ.ም. አካባቢ፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፥ በዚያ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ነጋዴዎች እህሉን በጎተራ ቈልፈው ዋጋው እስኪወደድ ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር። ባለጸጎቹን በስብከቱ ገሠጻቸው፤ ጎተራቸውንም አስከፈተ፤ የተራቡትን ሰብስቦ ራሱ ያበላ ነበር። እኅቱ ቅድስት ማቅሪናም በረኃቡ ዘመን በየመንገዱ ወድቀው የተገኙትን ልጃገረዶች አንሥታ አሳድጋለች። ባስልዮስ በ370 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ፥ በኋላ በስሙ የተጠራ ትልቅ የምሕረት ቦታ አሠራ። በዚያም የእንግዶች ማረፊያ፥ የሕሙማን መኖሪያ፥ ሐኪሞችና አስታማሚዎች፥ ደግሞም የእጅ ሥራ የሚሠራባቸው ቤቶች ነበሩ። ሰው ሁሉ ይሸሻቸው የነበሩት በሥጋ ደዌ የተያዙት በዚያ ተቀባይ አገኙ። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን ቦታ እንደ አዲስ ከተማ አድርጎ አመስግኖታል።

ይኸው ባስልዮስ ስለ ምንኩስና ሥርዐት ሲያስተምር፥ ከሰው ተለይቶ ለብቻው የሚኖር ሰው ትሕትናውን የሚፈትንበትና እግሩን የሚያጥብለት ባልንጀራ እንደሚያጣ ያመለክታል። ይህን ያለው ጸሎትን ያቃለለ ሰው አይደለም፤ የምንኩስና አባት ነው። መንፈሳዊ እድገት ሌላ ሰው ሳይኖር እንደማይፈተን፥ ያልተፈተነም እንደማይታመን ስለሚያውቅ ነው።

እስከ አሁን ያየነው በየከተማው ስለ ተደረገው ነው። አብያተ ክርስቲያናት እርስ በርሳቸው ስለሚተባበሩበት ሥርዐት ደግሞ መምህራችን ቅዱስ ጳውሎስ ነው። በኢየሩሳሌም ያሉት ቅዱሳን በተቸገሩ ጊዜ፥ ከመቄዶንያና ከአካይያ አብያተ ክርስቲያናት ርዳታ ሰብስቦ ነበር። በዚህ ሥራው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ሰው ሁሉ እንደ ዐቅሙ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እንዲያስቀምጥ አዘዘ፤ ስለዚህ ስጦታው የስሜት ሳይሆን የሥርዐት ሆነ። ሁለተኛ፥ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጧቸው ታማኞች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ሐሜት እንዳይኖር ይጠነቀቅ ነበርና። ሦስተኛ፥ ዛሬ የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት ይሞላል፤ ነገ ደግሞ የእነርሱ ትርፍ የእናንተን ይሞላል የሚል ትምህርት አስተማረ። በዚህም ሰጪው እንዳይታበይ፥ ተቀባዩም እንዳያፍር አደረገ።

እንግዲህ ይህ ትምህርት ለእኛ ከተሞች ምን ይጠቅማል? በአገራችን የኅብረት ሥርዐት ጐድሎን አያውቅም። የጽዋ ማኅበር አለን፤ ሰንበቴ አለን፤ በየሰፈሩ ዕድር አለን፤ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና ሰንበት ትምህርት ቤት አለን። ቤተ ክርስቲያናችንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቁማ፥ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና ከርዳታ ድርጅቶች ጋራ በመተባበር ትሠራለች። ነገር ግን አንዱ አጥቢያ የሚሠራውን ሌላው የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በክብረ በዓል ቀን በአንድ ደጅ ምጽዋቱ ይትረፈረፋል፤ በማግስቱ ያው ደጅ ባዶ ይሆናል። መሄድ የሚችለው ችግረኛ ከሦስት ደጅ ይቀበላል፤ ከአልጋዋ መነሣት ያቃታት እናት ግን ከአንዱም አታገኝም። ሁለቱም የእግዚአብሔር ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው የእግራቸው ብርታት ብቻ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሰፈር ያሉ አጥቢያዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ እጅግ ቀላል ነው። በመጀመሪያ በየአካባቢያቸው ያሉትን አረጋውያን፥ ሕሙማንና ሰው የሌላቸውን በስማቸው መዝግበው፥ መዝገቡን በምስጢር እየጠበቁ በአንድነት ይመልከቱት። የዕድር ሹማምንት የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያውቃሉና ይጠየቁ። ሁለተኛ፥ አንዱ አጥቢያ ሐኪም የሆነ ምእመን፥ ሌላው ሰፊ አዳራሽ፥ ሦስተኛው ብዙ ወጣት ይኖረዋልና ያላቸውን ያዋህዱ። ሦስተኛ፥ መሥራት ለሚችለው ከእንጀራው ጋራ ሙያ ይስጡት፤ ቅዱስ ባስልዮስ ከሕሙማን መኖሪያ ጋራ የእጅ ሥራ ቤት ያኖረው በከንቱ አይደለም። አራተኛ፥ ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ይነበብ። አምስተኛ፥ የተረዳው ሰው በተራው ያገልግል፤ ሌላ ባይኖረው የታመመ ይጠይቅ፥ በሐዘን የወደቀውን ያጽናና።

በዚህ ሁሉ ግን አንድ ጠላት ያደባል፤ እርሱም ከንቱ ውዳሴ ነው። አንዱ ማኅበር ስሙ እንዲጻፍ፥ ሌላው ሥዕሉ እንዲታይ፥ ችግረኛውም በካሜራ ፊት እንዲያመሰግን ይፈለጋል። እንዲህ ያለው ምጽዋት የተቀባዩን ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ የሰጪውን ነፍስ ግን ባዶ ያስቀራታል። የኅብረት አገልግሎት ለነፍስ የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። ከሌላ አጥቢያ ጋራ የሚሠራ ሰው፥ ይህ የእኔ ነው የሚለውን ቃል መተው ይማራል። የራሱ ዐሳብ ሲቀርና የባልንጀራው ሲጸድቅ ዝም ብሎ መሥራትን ይማራል። ይህ ከብዙ ስግደት ጋራ የሚተካከል ተጋድሎ ነው፤ ስግደቱም በዚህ ፍሬውን ያሳያል።

ክቡራን አድማጮች፤ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። በምንኖርበት ግቢ ወይም መንደር ካሉት፥ ስሙን የማናውቀውን አንድ ጎረቤት ስሙን እንጠይቀው። የምንሰጠው ገንዘብ ባይኖረን ስሙን ማወቅ አያቅተንም። ስሙን ካወቅን በጸሎታችን እናነሣዋለን፤ በጸሎት ያነሣነውንም ሰው በመንገድ ስናገኘው እንዳላየ ማለፍ ያስቸግረናል። ነፍሳችን ማደግ የምትጀምረው በዚያን ጊዜ ነው።

የድኾች አባት፥ የስደተኞች ማረፊያ የሆነ አምላካችን እግዚአብሔር ዐይናችንን ያብራልን፤ አጥቢያዎቻችንን በፍቅር ያስተባብርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።