ጨቅላው ቢጫ ሲሆን ፀሐይ ማሞቅ ይበቃል ወይ?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ ከሚደርሰን ጥያቄ አንዱ ይሄ ነው፦ «ልጃችን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ፀሐይ አሙቁት ይለቀዋል ይሉናል። ሐኪም ቤት እንውሰደው ወይ?» አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ውሰዱት።

ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚባል ቀለም ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ሲያረጅ ይፈርስና ቢሊሩቢን ይወጣዋል። ጉበት ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ በሰገራ ይወገዳል። (ሰገራ ቡናማ የሚሆነውም ከዚሁ ነው።) ጨቅላ ሕፃን ግን ብዙ ቀይ የደም ሴል ይዞ ነው የሚወለደው፤ ሴሎቹም ቶሎ ይፈርሳሉ፤ ጉበቱ ደግሞ ገና ሥራውን አልለመደም። ለዚህ ነው ጊዜያቸውን ጨርሰው ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6ቱ ያህል በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ የሚሉት። አብዛኞቹን ጡት በደንብ ሲጠቡ በራሱ ጊዜ ይለቃቸዋል።

ችግሩ መጠኑ ሲያልፍ ነው። ቢሊሩቢን አንጎል ውስጥ ከገባ መስማት ሊያሳጣ፣ የሰውነት እንቅስቃሴን ሊያበላሽ፣ ሊገድልም ይችላል። መጠኑ ደግሞ በዓይን አይገመትም፤ በምርመራ ነው የሚታወቀው።

የፀሐዩ ነገር ግን ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ ኤሴክስ፣ ሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናቱን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቅ ነበር። አንዱን ለሐኪሞቹ ስታሳያቸው አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ የቀረው ገላ ፈዝዟል። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው የሰማያዊ መብራት ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። ብርሃኑ የቢሊሩቢኑን ቅርፅ ስለሚለውጠው ጉበት ሳይደክም ይወገዳል። ሕፃኑ ግን ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ራቁቱን፣ ለብዙ ሰዓታት ነው መብራቱ ሥር የሚተኛው። የጠዋት ሩብ ሰዓት ፀሐይ ይሄን አይተካም።

ሌላው ነገር የአራስ ቤታችን ጨለማ ነው። መጋረጃ ተዘግቶ፣ በቢጫ አምፖል ቢጫ ልጅ አይለይም። መስኮት አጠገብ አምጡና የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ፤ ግንባሩንም በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ።

በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ካለ፣ ቢጫው መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ጀርባውን ወደ ኋላ ከለጠጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። እናት የደም ዓይነቷ ኦ ወይም አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነም ገና ስትወልድ ለሐኪሙ ንገሩ። 2 ሳምንት አልፎት ቢጫው ካልለቀቀና ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ የተሻለ የሚሠራው ልጁ 2 ወር ሳይሞላው ሲደረግ ነው።