አጭር ዕቅድና ግልጽ ንግግር

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ቁልቁል የሚጠማዘዘው የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) የተሠራ ነው። ገደል እየናደ መንገድ የሚያወጣ መሐንዲስ ጠመዝማዛውን ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጨረስ አለበት፤ የተናደ ድንጋይ ወደ ቦታው አይመለስምና። በዚያው አገር ግን ሌላ ዓይነት ዕቅድም አለ። ገበሬዎች ገብሳቸውን በወንፈል ሲያጭዱ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይውላሉ፤ ዝናብ ካሰጋ ወይም የአንዱ ማሳ ቀድሞ ከደረሰ ተራው ይለወጣል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች ለብዙ ዘመን እንደ መንገድ መሐንዲስ ያቅዱ ነበር። ይኸውም ሁሉን አስቀድሞ መጻፍ፣ ከዚያ መሥራት፣ በመጨረሻ ማስረከብ ነው። ነገር ግን አሠሪው የሚፈልገውን ለይቶ የሚያውቀው ሥራውን ሲያየው ነው፤ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ገደል አይደለም፤ ተሠርቶም ይለወጣል። ስለዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. 17 የሙያው ሰዎች በአሜሪካ ዩታ ተሰብስበው «አጃይል»፣ ማለትም ቀልጣፋ፣ ያሉትን አሠራር በመግለጫ አወጡ።

ከአጃይል ሥርዓቶች በይበልጥ የታወቀው ስክረም ነው። አንዱ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰው አይበልጥም። የሚሠራው ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይጻፋል፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን አንድ ኃላፊ ይወስናል። በአንድ ዙር ምን ያህሉን መሥራት ይቻላል የሚለውን የሚቈርጡት ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ዙሩ ስፕሪንት ይባላል፤ ከአንድ ወር አይበልጥም። በየቀኑ 15 ደቂቃ ተገናኝተው ሥራው የት እንደ ደረሰና ምን እንደ ያዘው ይነጋገራሉ። በዙሩ መጨረሻ የተሠራውን ለአሠሪው ያሳያሉ፤ ቀጥሎም ስለ ራሳቸው አሠራር ይመካከራሉ።

ይህ ያለ ዕቅድ መሥራት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ዕቅዱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል እንጂ አይቀርም።

ለእኛ የሚከብደን ሰዓቱም ዝርዝሩም አይደለም። የሚከብደው አለቃ ፊት ቆሞ «ይህ ሥራ አልሄደልኝም» ማለት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ስላደግን ይሉኝታ አፋችንን ይይዘዋል። ይህ ሲሆን የ15 ደቂቃው ንግግር ባዶ ሪፖርት ይሆናል፤ ሁሉም «ደኅና ነው» ይላል፤ ጉድለቱም የሚወጣው በማስረከቢያው ቀን ነው። በወንፈል ማሳ ላይ ወደ ኋላ የቀረ አጫጅ ለሁሉ ይታያል፤ ጎረቤቱም ደርሶ ያግዘዋል። የፕሮግራም ሠሪ መዘግየት ግን በዓይን አይታይም፤ ካልተናገረ ማንም አይደርስለትም።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ኮምፒዩተር ሙያችን ባይሆንም በቡድን የምንጽፈው ጥናት አለን፤ ማኅበራችንም የዓመት ዕቅድ አለው። ዓመቱን በሁለት ሁለት ሳምንት ከፍለን በየዙሩ የተሠራውን ብናሳይ ገንዘብ አይጠይቀንም። የሚጠይቀን «አልቻልሁም፣ አግዙኝ» የሚለውን ሰው ሳናሳፍር መስማት ነው።