የጃፓን የስፌት መኪና ማንነቷና ዕድሜዋ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አንዲት ከባድ የስፌት መኪና አትጠፋም። ሰማያዊ ወይም ሮዝ ቀለም ተቀብታ፣ ክንዷ ላይ «ሞርስ»፣ «ዩኒቨርሳል» ወይም «ቤልቬዴር» የሚል ስም ተለጥፎባት ትቀመጣለች። የገዛት ሰው በዚያ ስም ፋብሪካዋን ሲያፈላልግ ይውላል፤ አያገኘውም። ስሙ የአስመጪው ወይም የሱቁ ነው። መኪናዋን የሠራት ሌላ ነው፣ አገሩም ጃፓን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጦር መሣሪያ ሲያመርቱ የነበሩ የጃፓን ፋብሪካዎች ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረባቸው። በ1938 የተቋቋመው ጁኪ ለጦሩ ጠመንጃ ይሠራ ነበር፤ ከሽንፈቱ በኋላ ፊቱን ወደ ስፌት መኪና አዞረ። እኛ በመኪናው የምናውቀው የቶዮታ ስም እንኳ የስፌት መኪና ላይ ተጽፎ ተሸጧል። በሙያው የቆዩትም ነበሩ፦ ብራዘር በ1908 ናጎያ ውስጥ በጥገና ሥራ የጀመረ ቤት ነው፤ ጃኖሜም በ1921 ፓይን በሚል ስም ተመሥርቷል።

ሁሉም አንድ ሞዴል ያዙ፤ የሲንገርን 15 ቁጥር። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምትሰፋ፣ ጠንካራና ለመፍታት የምትቀል መኪና ናት። ጃፓኖች የክፍሎቿን መጠን በደረጃ ወሰኑና «ኤችኤ-1» አሏት። ከዚያ በኋላ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ለሌላው ይገጥም ጀመር። ክንዱን ከአንዱ፣ ማርሹን ከሌላው ገዝቶ መኪና የሚገጣጥም ትንሽ ድርጅት ሁሉ አምራች ለመሆን በቃ። ዛሬ ማንነቷን ለማወቅ የሚያስቸግረን ይኸው ነው፤ ዛሬም ድረስ ዕቃ የሚገኝላት ደግሞ በዚሁ ምክንያት ነው። የጃፓን የቤት ስፌት መርፌ ስትገዙ ፓኬቱን እዩት፤ «ኤችኤ» የሚለው ስም አሁንም አለበት።

ታዲያ ማንነቷን የት እናንብብ? ከሥሯ። ክሩንና መርፌውን አውጡ፣ መኪናዋን ወደ ኋላ ጋደም አድርጓትና ሆዷን በጨርቅ ጥረጉት። ከደረቀው ዘይትና ከጨርቅ ብናኙ በታች፣ ብረቱ ሲቀረጽ አብሮ የወጣ ጽሑፍ ይኖር ይሆናል፤ በላቲን ፊደል «ጄ-ኤ» ወይም «ጄ-ሲ» ይልና ቁጥር ይከተለዋል። ሰብሳቢዎች እንደሚያነቡት የመጀመሪያው መኪናዋን የገጣጠመውን፣ ሁለተኛው ብረቱን የቀረጸውን ድርጅት ይጠቁማል። ቁጥሩን ከፋብሪካ ስም ጋር የሚያገናኙት ዝርዝሮች በሰብሳቢዎች ልፋት የተጠናቀሩና ክፍተት ያለባቸው ናቸው። ምልክቱ ጨርሶ የሌለባት መኪናም ብዙ ናት። ሞተሩ ላይ ያለውን ስም ግን አትመኑ፤ ሞተር ለብቻው ተገዝቶ የሚታሰር ዕቃ ነው።

ሲርስ የተባለው የአሜሪካ መደብር «ኬንሞር» ብሎ የሸጣቸው ይቀላሉ። ከሞዴል ቁጥሩ ነጥብ በፊት ያሉት ሦስት አኃዞች ሠሪውን ይናገራሉ፦ 158 ማሩዘን፣ 148 ሶርዩ፣ 385 ጃኖሜ ነው።

ዕድሜዋን መገመት ሌላ ፈተና ነው። ሲንገር በተከታታይ ቁጥሩ ዓመቱን የሚያሳይ መዝገብ ትቷል፤ ለእነዚህ ስመ ብዙ መኪናዎች እንዲህ ያለ የጋራ መዝገብ የለም። ተከታታይ ቁጥሯን አይቶ «የ1956 ናት» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ማስረጃ ጠይቁት። እርግጠኛ ከሆኑት ጥቂት ምልክቶች አንዱ «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ነው። አሜሪካኖች ጃፓንን ይዘው የቆዩት እስከ ሚያዝያ 1952 ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ያለባት መኪና ከዚያ ወዲህ አትሆንም። ጽሑፉ ባይኖር ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በቀላሉ የሚላቀቅ ነገር ላይም ይለጠፍ ነበር።

ሌላው ከመልኳ ይገመታል። ጥቁር ሆና በወርቃማ ሐረግ ያጌጠች ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪና የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካን አውቶሞቢል የሚመስሉ ደማቅ ቀለሞች መጡ፤ ዚግዛግ የሚሰፉትም እየበዙ ሄዱ። በ1970ዎቹ ደግሞ የፕላስቲክ ክዳንና የፕላስቲክ ማርሽ ተለመደ፤ ማርሹ ሲያረጅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው የዚያን ዘመን መኪና ስትገዙ በእጅ እያሽከረከራችሁ መርምሩ። እነዚህ ሁሉ አሥርተ ዓመቱን ይጠቁማሉ እንጂ ዓመቱን አይነግሩም። መሳቢያው ውስጥ የግዢ ደረሰኝ ከተገኘ እሱ ከሁሉም ይበልጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርጫዬ የ1950ዎቹ ቀጥ ስፌት ናት። ሁለመናዋ ብረት ነው፤ ዘይት ጠጥታ ከላላች ወፍራሙን ጂንስ ሳይቀር ትበሳለች። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ ልትልኩ ካሰባችሁ ሞተሯ ለ110 ቮልት የተሠራ መሆኑን አትርሱ፤ ከ220 ጋር ያለ ትራንስፎርመር ከተገናኘ ይቃጠላል። ደግነቱ ሞተሩ ከውጭ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ፈትቶ መጣል ይቻላል። የመኪናዋ መቀመጫ 37 በ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ደረጃውን በጠበቀ የእግር መርገጫ ጠረጴዛ ላይ ትገባለች፤ ቺንጊያውን መዘውሯ ላይ ማጥለቅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩ።