የጠፋ የኤርባግ መብራትና ያልተጠገነ የደህንነት ቀበቶ

በመኪና ባለቤቶችና በአንዳንድ የጋራዥ ባለሙያዎች ዘንድ ሥር ከሰደዱ እምነቶች መካከል ከፍተኛ ጉዳት የሚያስከትለው፣ በደህንነት ቀበቶ ብልሽት ምክንያት በዳሽቦርድ ላይ በርቶ የቀረ የኤርባግ መብራት ከወንበር ሥር ባለው ቢጫ ሶኬት ላይ በምትሰካ ትንሽ ሬዚስተር ከጠፋ የቀበቶው ብልሽት ተጠግኗል የሚለው ነው። ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት በተወሰነ መጠን የምትገታ፣ ዋጋዋም እጅግ አነስተኛ የሆነች ዕቃ ስትሆን፣ ሥራው ቶሎ ስለሚያልቅና መብራቱም በእርግጥ ስለሚጠፋ ባለመኪናው ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል። ይዞት የሚሄደው ግን በግጭት ጊዜ ቀበቶው የማይጠብቅለትን፣ ይህንንም አስቀድሞ የማያስጠነቅቀውን መኪና ነው።

የእምነቱ ስሕተት የሚገለጠው የቀበቶው አሠራር ሲታወቅ ነው። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ሰውን ይዞ የሚያስቀር ቢሆንም፣ በልብስ ውፍረትና በጥቅልሉ መላላት ምክንያት በቀበቶውና በደረት መካከል ክፍተት ስለሚኖር፣ ቀበቶው አጥብቆ ከመያዙ በፊት ሰውነት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህን ክፍተት ለማስወገድ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ፕሪቴንሽነር (ቀበቶ አጥባቂ) የሚባለው መሣሪያ በመኪኖች ላይ መገጠም ጀመረ። በቀበቶው መጠቅለያ ውስጥ ወይም በመቆለፊያው ሥር የሚቀመጠው ይህ መሣሪያ ጥቂት ተቀጣጣይ ቅመምና በኤሌክትሪክ የሚተኮስ ማቀጣጠያ የያዘ ሲሆን፣ የግጭቱን ኃይል መዝኖ ትእዛዝ የሚሰጠው የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ከአንድ አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ፍሰት ለሁለት ሺኛ ሴኮንድ ያህል ሲልክበት ይተኮሳል፤ የሚፈጠረውም ጋዝ ዓይን እስኪርገበገብ ባልሞላ ጊዜ ቀበቶውን ወደ ኋላ ስቦ ያጠብቀዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ፕሪቴንሽነርና ጭነት ገዳቢ (ደረት እንዳይጎዳ ቀበቶውን በልኩ የሚለቅ አካል) ያላቸው ቀበቶዎች፣ እነዚህ ከሌሏቸው ጋር ሲነጻጸሩ የታሰረውን ሰው የመሞት አደጋ በቤት መኪኖች ላይ በ12.8 በመቶ እንደሚቀንሱ ገምቷል።

ኮምፒውተሩ ፕሪቴንሽነሩ በሥፍራው መኖሩን የሚያውቀው፣ ማቀጣጠያውን ሊተኩስ የማይችል እጅግ ደካማ ፍሰት እየላከ የመስመሩን ተቃውሞ በመለካት ብቻ ነው፤ ይህም ተቃውሞ በአብዛኛው ሁለት ኦም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባለሁለት ኦም ሬዚስተር በምትኩ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ማቀጣጠያ ያገኘ ይመስለዋል። በግጭቱ ቅጽበትም የተኩሱን ፍሰት ለሬዚስተሯ ይልካል፤ እርሷ ከመሞቅ በቀር የምታደርገው ነገር የለም፤ ቀበቶው እንደላላ ይቀራል፤ ኤርባጉም የተነፋው በጠበቀ ቀበቶ ለተያዘ ሰው ታስቦ ስለሆነ፣ ከሚገባው በላይ ወደ ፊት የተጠጋ ፊትና ደረት ያገኛል። ይህን እያወቀ ብልሃት ነው ብሎ በቪዲዮ የሚያስተምር ሰው ሊወቀስ እንጂ ሊመሰገን አይገባም፤ ሳያውቅ የሚያስተምርም ቢሆን የሰው ሕይወት በተንጠለጠለበት ጉዳይ አስተማሪ ለመሆን አልበቃም።

እምነቱ ከእውነት ጨርሶ የራቀ አይደለም። ሬዚስተሯ በትክክለኛው የምርመራ ሂደት ውስጥ ሥፍራ አላት። የፋብሪካዎች የጥገና መመሪያዎች በተራ መልቲሜትር የማቀጣጠያውን ተቃውሞ መለካትን ይከለክላሉ፤ ምክንያቱም ከመለኪያው የሚወጣው ፍሰት ሊተኩሰው የሚችልበት አደጋ አለ። በዚህ ፋንታ ባለሙያው ፕሪቴንሽነሩን ነቅሎ ተቃውሞው የታወቀ ምትክ ይሰካና የብልሽት ኮዶችን በሚያነበው ስካነር እንደገና ይመረምራል፤ ብልሽቱ ከጠፋ ሽቦው ደኅና ነው፣ የተበላሸው ፕሪቴንሽነሩ ራሱ ነው፤ ካልጠፋ ግን ችግሩ በሽቦው፣ በሶኬቱ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ነው። እንግዲህ ሬዚስተሯን ሰክቶ መብራቱ መጥፋቱን ያየ ሰው ፕሪቴንሽነሩ መለወጥ እንዳለበት በገዛ እጁ ካረጋገጠ በኋላ ሥራውን እዚያው አቁሞ ገንዘብ ተቀብሏል ማለት ነው።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ኮዱን ከማንበብ ነው። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ከቢ1900 እስከ ቢ1903 ያሉት ኮዶች የሾፌሩን ፕሪቴንሽነር የሚመለከቱ ሆነው፣ መስመሩ እርስ በርስ መነካካቱን፣ መቋረጡን፣ ከመኪናው አካል ጋር መገናኘቱን ወይም ከባትሪ ኃይል ጋር መነካካቱን ለይተው ይናገራሉ። ከዚያም ቁልፉ ተዘግቶ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያጠራቅመው ኃይል እስኪያልቅም ይጠበቃል፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ሲል፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ብዙ ደቂቃዎች ያዛሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከወንበር ሥር ያለው ሶኬት ነው፤ ወንበሩ በተንሸራተተ ቁጥር ሽቦው ይጎተታል፣ ምንጣፍ ሲታጠብ ውኃ ይገባበታል፣ ከወንበር ሥር የሚወረወር ዕቃም ይገፋዋል። በእነዚህ ሶኬቶች ውስጥ፣ ሲነቀሉ ወደ ማቀጣጠያው የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች አገናኝቶ ድንገተኛ ተኩስን የሚከላከል ትንሽ የብረት ምላስ እንዳለም መታወቅ አለበት፤ ይህን የማያውቅ መርማሪ ሶኬቱን ነቅሎ ሽቦውን ሲለካ ሾርት አገኘሁ ብሎ ደኅናውን ሽቦ ይቆርጣል። የተቆረጠን ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም አይበቃም፤ ጥቂት የኦም ልዩነት መብራቱን መልሶ ሊያበራው ይችላል።

የመለዋወጫ ውድነት ሬዚስተሯን መተውን አስቸጋሪ እንደሚያደርገው አይካድም። ሆኖም ፕሪቴንሽነሩ እስኪገኝ ድረስ መብራቱ እንደበራ መቆየቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ሾፌሩም ሆነ መኪናውን ወደፊት የሚገዛው ሰው ያለውን ጉድለት ያውቃል።

ቀበቶው በድንገት ሲሳብ ከቆለፈ ፕሪቴንሽነሩ ይሠራል የሚለው እምነትም ስሕተት ነው፤ በእጅ ሲሳብ የሚቆልፈው ሌላ የሜካኒክ አካል ነው። ፕሪቴንሽነሩ ባይሠራም ይህ የሜካኒክ አካል መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ መብራቱ በርቷልና ቀበቶ ማሰር ትርጉም የለውም ማለት ደግሞ የባሰ አደጋ ነው። የተተኮሰ ፕሪቴንሽነር ተጠርጎ ዳግም አይሠራም። ባትሪ ነቅሎ መመለስ ብልሽትን አያድንም። ቀበቶው ብቻ ነው የተበላሸው፣ ኤርባጉ ይሠራል የሚለው በአንዳንድ መኪኖች ላይ እውነት ሊሆን ቢችልም፣ በሌሎች ላይ ኮምፒውተሩ አንድ ብልሽት ሲያገኝ መላውን ሥርዓት ሊያግድ ስለሚችል የመኪናውን መመሪያ ሳያዩ መናገር አይቻልም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ መጥፋቱን መመልከት አለበት፤ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ከባትሪው ወይም ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል የሚጠፋ ከሆነም ከእነርሱ ጋር ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ሬዚስተሯ ግን መብራቱን በትክክል ስለምታስመስለው በዚህ መንገድ አትታወቅም፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ቢጫው ሶኬት ሳይነካ በእጅ ባትሪ ብርሃን መታየት አለበት፤ ወደ ፕሪቴንሽነሩ የማይደርስ ወይም ከጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ከተገኘ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ለስካነር ምርመራ መቅረብ ይኖርበታል።