ኔትወርኩን ከማማረራችን በፊት

የልጅ ልጄ የምትኖረው ሐዋሳ ነው፤ አራት ዓመቷ ነው። ዓርብ ማታ በላፕቶፕ በቪዲዮ ስንገናኝ ምስሌ እየደረቀ ያስቸግር ነበር። አንድ ቀን እናቷን «አያዬ ሐውልት ሆነ!» ስትላት ሰማሁ። ብስቅም ነገሩ ከነከነኝ።

«ሀርሺን ጠረፍ ናት፣ ምን ይጠበቃል?» እያልኩ ኔትወርኩን አማረርኩ። ትልቅ ጥቅል ብገዛም ቶሎ ያልቃል እንጂ ለውጥ አልነበረውም።

በመጨረሻ ስልክ የሚጠግን የጎረቤት ልጅ፣ «አዴር፣ እስቲ ላፕቶፑን ያሳዩኝ» አለኝ። ለካ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚመራው ዊንዶውስ፣ ከጀርባ አፕዴት እያወረደ ኖሯል። ላፕቶፑን የምከፍተው ዓርብ ማታ ብቻ ስለሆነ፣ የተጠራቀመውን ሁሉ የሚያወርደው ያኔ ነው። የስልኬን ሆትስፖትም እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚቆጥረው አይሳሳለትም።

እኛ አገር ውኃ የምንቀዳው ዝናብ ከሚጠራቀምበት ብርካ ነው። ባልዲው አንድ ከሆነና የግመል መንጋ ቀድሞ ከተሰለፈ፣ የእኔ ጄሪካን መዘግየቱ አይቀርም። የላፕቶፔም ነገር ይኸው ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ዋይፋይ» ውስጥ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ሆትስፖት ስም ምረጡና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ያቆየዋል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ባሉ ስልኮች ደግሞ «ዳታ ሴቨር» አለ፤ ከጀርባ ሆነው ዳታ የሚበሉ አፖችን ይገታል።

የሲስተሙ ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ መረጃን በትንሽ በትንሹ ተቀብሎ «ደረሰኝ» እያለ ቀጣዩን ይጠብቅ ስለነበር፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር ይዘገይበታል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያሉት መጠኑን እንደ መስመሩ ሁኔታ ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሆኖም የትኛውም ሲስተም መስመሩ ከሚችለው በላይ አያፈጥንም። አፕዴትንም ጨርሶ መዝጋት አይገባም፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው። እኔ ቅዳሜ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ አወርደዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ የሳለችውን ላም ከቀንዷ እስከ ጭራዋ አሳየችኝ። እግሯ አምስት ነው ስላት ሙግት ገጠምን፤ አንዴም አልተቋረጠም።