የበርጋ ጨፌና ባለ ነጭ ክንፏ ወፍ

በአገራችን ገበሬ ዘንድ ወፍ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ግሪሳ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከማማ ላይ ወጥቶ፤ ወንጭፍ ይዞ፤ ከንጋት እስከ ምሽት ሰብል የሚጠብቅ ልጅ የወፍን ጠላትነት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይማራል። ስለዚህ በእርሻ ገጽ ላይ ስለ ወፍ ጥበቃ ተጽፎ ቢያገኝ አንባቢው ቢገረም አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም። እህል የማይነካ፤ መኖሩ የመስኩን ደኅንነት፤ መጥፋቱም የመስኩን መበላሸት የሚያስታውቅ ወፍ አለ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የእንደዚህ ያለች የአንዲት ወፍና እርስዋን ለመጠበቅ የተነሡትን ገበሬዎች ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስፍራውና ወፊቱ

የበርጋ ጨፌ በምዕራብ ሸዋ፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ጨፌ የሚለውን ቃል አማርኛውም ኦሮምኛውም ይጋሩታል፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበትን፤ በበጋ ሣሩ የሚታጨድበትን ለምለም መስክ ያመለክታል። ክረምቱ ሲበረታ የበርጋ ወንዝ ሞልቶ በሜዳው ላይ ይዘረጋል፤ ቄጤማውና ሣሩም ከውሃው ውስጥ እየበቀለ ይወጣል።

ሐምሌ ሲገባ በዚህ ቄጤማ ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ ትሰፍራለች። እንግሊዞች ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል፤ የሳይንስ ሊቃውንትም ሳሮትሩራ አይረሲ ይሏታል፤ እኛ ግን ባለ ነጭ ክንፏ ወፍ ብንላት ይበቃል። ርዝመቷ ከ14 እስከ 16 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የወንዱ ራስና አንገት ቀይ ዳማ ሲሆን፤ ስሟን ያገኘችበት የክንፏ ነጭ ምልክት ጎልቶ የሚታየው ስትበር ነው። እርስዋ ግን ከመብረር ይልቅ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ እየተሽሎከለከች መሄድን ስለምትመርጥ፤ ዕድሜውን በጨፌው ዳር የፈጸመ ሰው እንኳ ሳያያት ሊቀር ይችላል።

ይህች ወፍ በደቡብ አፍሪካ ከተያዘ ናሙና ተነሥቶ በ1877 ስም ወጣላት። በአገራችንም ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሱሉልታ ሜዳ ትታይ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተሰውራ ቆይታ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ እንደገና ተገኘች፤ በ1997ም በበርጋ ጨፌ ስትራባ ታየች። እስከ 2018 ድረስ መራቢያ ስፍራዋ በርግጥ የታወቀው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነበረ። በዚያ ዓመት ግን ሚድልፑንት በተባለው የደቡብ አፍሪካ ረግረግ፤ ሰው ሳይነካቸው ፎቶግራፍ በሚያነሡ ካሜራዎች አማካይነት፤ በዚያም እንደምትራባ ተረጋገጠ። በመላው ዓለም ያሉት ለመራባት የደረሱ ወፎች ቁጥር ከ250 እንደማይበልጥ ይገመታል። በዚህም ምክንያት ከ2013 ጀምሮ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገብታለች።

ችግሩ የክረምት ሣር ነው

ባለ ነጭ ክንፏ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በቆመ ቄጤማ መካከል ሲሆን፤ የምትጥለውም 4 ወይም 5 እንቁላል ነው። ጫጩቶቿ እስኪጠነክሩ ድረስ፤ ማለት ከሐምሌ እስከ መስከረም፤ ቄጤማው ሳይጋጥና ሳይረገጥ መቆየት አለበት። ከብት ከገባበት ጎጆው ይደፈጠጣል፤ ሣሩም አጥሮ ወፊቱ መሸሸጊያ ታጣለች።

የገበሬውም ጭንቀት የሚበረታው በእነዚሁ ወራት ነው። በበጋ ከብቱ በየማሳው ገለባና ቃርሚያ ያገኛል። በክረምት ግን ማሳው ሁሉ በጤፍ፤ በስንዴና በገብስ ስለሚያዝ፤ ለከብቱ የሚቀረው የተራራው ጥግና ጨፌው ብቻ ይሆናል። የሚያርሰው በሬ ጉልበት ይፈልጋል፤ የወለደችው ላም ወተት ትጠየቃለች። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ገበሬውን «ከብትህን ከጨፌው አውጣ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የወፍ ጥበቃ ጉዳይ የሚወድቀውም የሚነሣውም በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

መልሱን ስንፈልግ የእርሻ ጥበብ ከወፊቱ ጎን ቆሞ እናገኘዋለን። አንደኛ፤ ውሃ በጠጣ መሬት ላይ የሚሰማራ ከብት ከሚግጠው ይልቅ በኮቴው የሚያበላሸው ይበዛል፤ አፈሩ ይደፈጠጣል፤ የሣሩ ሥር ይነቀላል፤ በሚቀጥለውም ዓመት መልካሙ ሣር ቀርቶ ከብት የማይበላው አረም ይበቅላል። ሁለተኛ፤ የጉበት ትል የሚተላለፈው በረግረግ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አማካይነት ስለ ሆነ፤ በውሃማ ጨፌ የሚውል ከብት ለዚህ በሽታ ይጋለጣል፤ ሥጋውም ወተቱም ይቀንሳል። ሦስተኛ፤ ክረምቱን ተከብሮ የቆየ ሣር በጥቅምት ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት፤ ገለባው በሚያልቅበትና ዝናቡ ገና በሚጠበቅበት ጊዜ፤ በሬውን በእግሩ የሚያቆም ስንቅ ነው። ሣሩን ለድርቆሽ ያቆየ ሰው ሳያስበው ለወፊቱ ጎጆ አከራይቷል ማለት ነው።

የወፍ ወዳጆቹ ማኅበር

የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። በ1996 ለወፎች ኑሮ ታላቅ ዋጋ ያላቸውን 69 የአገሪቱን ስፍራዎች ለይቶ በመጽሐፍ አሳትሟል። ባለ ነጭ ክንፏ ወፍ በበርጋ መራባቷ ከታወቀ በኋላ ይኸው ማኅበር ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተመካክሮ የበርጋ ወፍ ወዳጆች ማኅበር እንዲቋቋም ረዳ። የዚህ ማኅበር አባሎች በጨፌው ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎችና ወጣቶች በመሆናቸው፤ ወፍ መመልከት የእንግዳ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የአገሬው ሥራ ሆነ። ጨፌውን ይቃኛሉ፤ ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ከብት በመራቢያው ወራት እንዳይገባ ጎረቤቶቻቸውን ይመክራሉ።

የማኅበሩ ብልህነት ስለ ወፍ ብቻ አለመናገሩ ነው። ሕዝቡ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቸግሮት እንደ ነበረ በመረዳት፤ ሚድልፑንት የተባለው የደቡብ አፍሪካ የረግረግ ጥበቃ ድርጅት በረዳው ገንዘብ በበርጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠራ። በዚህም ምክንያት አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ወፍ ለሕፃናት ፊደል መቁጠሪያ ቤት አስገኘች ማለት ይቻላል። ወፍ ለምን ይጠበቃል ብሎ የሚጠይቅ አባት ቢኖር መልሱን ከልጁ ደብተር ላይ ያገኘዋል።

መስክን ከልክሎ ማቆየት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳውን ሜዳ ቄሮ በተባለው ሥርዓት በጋራ እየጠበቀ፤ ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ እየወሰነ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ በኋላም ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰው። ከዚህ የምንማረው መስክ የሚጠፋው ጠባቂ ስምምነት ሲፈርስ መሆኑን፤ የሚድነውም ስምምነቱ ሲታደስ መሆኑን ነው።

ጨፌ ሲጠፋ የሚጠፋው ሌላ ነገር

የሱሉልታ ሜዳ ማስጠንቀቂያ ይሁነን። ለዋና ከተማው ቅርብ በመሆኑ ቤትና ፋብሪካ በየጊዜው እየበዛበት፤ ቀድሞ ወፊቱ ትታይበት የነበረው ረግረግ እየጠበበ ሄዷል። በርጋም ከከተማ ርቄያለሁ ብሎ ሊዝናና አይችልም፤ ቦይ ቀዶ ውሃውን ማንጠፍ፤ ዳሩን ማረስና ባሕር ዛፍ መትከል ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት መጨረሻ ያመጣሉ።

ጉዳቱም በበርጋ ብቻ አይወሰንም። የበርጋ ወንዝ የአዋሽ ገባር ነው። ጨፌው የክረምቱን ጎርፍ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ደለሉን ያስቀራል፤ ውሃውንም ቀስ እያለ ይለቃል። አዋሽ ደግሞ በ1960 የተሠራውን የቆቃን ግድብ ይሞላል፤ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል። ቆቃ በደለል ብዛት መቸገሩ የታወቀ ስለ ሆነ፤ በላይኛው ተፋሰስ የሚገኝ ጨፌ ሁሉ ለታችኛው ገበሬ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የውሃ ዘበኛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እንግዲህ ጥቅሙ ለብዙዎች ከሆነ፤ ዋጋውን የበርጋ ገበሬ ብቻውን ሊከፍለው አይገባም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ወፊቱን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ፤ የአዋሽን ውሃ የሚጠቀመው ድርጅት፤ እንዲሁም የመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤቶች ድርሻቸውን ሊያዋጡ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ የክረምት መኖ ነው፤ ምክንያቱም በሐምሌ ለከብቱ የሚሰጠው ያላገኘ ገበሬ ምንም ያህል ወፍ ቢወድ ከብቱን ወደ ጨፌው መንዳቱ አይቀርም።

በጨፌ አካባቢ ለሚኖሩ ገበሬዎች የሚሰጥ ምክር

1ኛ፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ከብት ወደ ጨፌው እንዳይገባ መንደሩ ተስማምቶ ይወስን፤ ጠባቂም በተራ ያቁም። ከድርቆሹም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ፤ በተለይም ከብትና ጉልበት ያነሳቸው ሰዎች፤ የሚደርሳቸው ድርሻ አስቀድሞ ይታወቅ።

2ኛ፤ አጃና ቬች አደባልቆ በጓሮ መዝራት፤ በአጥር ዳርም ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ መትከል በደጋ አገር መልካም ነው። እነዚህ እየታጨዱ ለበሬውና ለምታለበው ላም ሲሰጡ ጨፌው ያርፋል።

3ኛ፤ ድርቆሹ ዝናቡ ካባራ በኋላ፤ ሣሩ አብቦ ግን ገና ሳይገረጅፍ ይታጨድ። ዘግይቶ የታጨደ ሣር ከገለባ አይሻልም፤ ዝናብ ሳያባራ የታጨደም ይሻግታል። አጨዳው ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር ቢወጣ በሣሩ ውስጥ የተሸሸጉ ወፎች ማምለጫ ያገኛሉ።

4ኛ፤ ጨፌውን የሚያደርቅ ቦይ አይቀደድ፤ ባሕር ዛፍም ከውሃው ርቆ ይተከል።

5ኛ፤ ወፊቱን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ከአካባቢው ማኅበር ፈቃድና መሪ ሳያገኝ አይግባ። ወፊቱን ለማስነሣት ብሎ በመራቢያ ወራት ቄጤማውን መርገጥ ጎጆዋን ማፍረስ ነው። ልጆችም እንቁላል እንዳይነኩ፤ ውሾችም ወደ ጨፌው እንዳይለቀቁ ይጠንቀቁ።

ባለ ነጭ ክንፏ ወፍ ድምፅዋን አሰምታ አቤቱታ ለማቅረብ አትችልም፤ የጨፌው ሣር ግን በየዓመቱ ይመሰክርላታል። በጥቅምት ድርቆሹ ተከምሮ በሚታይበት መንደር በሐምሌ ወፊቱ ስፍራ አግኝታ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። የበርጋ ሰዎች የጀመሩትን ሥራ በሱሉልታ ዙሪያም ሆነ በሌላ ስፍራ ጨፌ ያላቸው መንደሮች ሁሉ አይተው ቢከተሉት፤ ከብታቸውንም ውሃቸውንም ይጠቅማሉ፤ ለልጆቻቸውም በሌላ አገር በብዛት የማይገኝ ቅርስ ያወርሳሉ።